የአፍንጫ ጫፍ ቀዶ ሕክምና ዘዴዎች፤ ስክራብ ነርስ እንዳየቻቸው

ሥራዬ ኦፕሬሽን ክፍል ነው። ስክራብ ነርስ ነኝ፤ መቀሱን፣ ክሩን፣ መንጠቆውን ከትሪዬ እያነሳሁ የማቀብል። ሰርጀኑ የሚያየውን ከአንድ ክንድ ርቀት አያለሁ። እጄ ስላልቆረጠው አልኩራራበትም፣ ጥብቅናም አልቆምለትም። ዘመድም ጎረቤትም የሥራ ቦታዬን ሲሰማ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይወስደኝና "አፍንጫዬን ላሠራ ነበር፣ ጫፏን ብቻ፤ የትኛው ዘዴ ይሻላል?" ይለኛል። "ጫፏን ብቻ" የምትለዋ ነገር ሁሌም ታስቀኛለች። በራይኖፕላስቲ፣ ማለትም በአፍንጫ ቅርጽ ቀዶ ሕክምና ውስጥ፣ ሰርጀኖች ራሳቸው በጣም የሚፈሯት እሷን ነው። የአፍንጫ ድልድይ ላይ ያለ ጉብታ ይሞረዳል፣ ይለካል፣ ያልቃል። ጫፍ ግን ሚሊ ሜትር ስትነካባት ሌላ ሚሊ ሜትር በሌላ በኩል ትነቃነቃለች። ስለዚህ እንደ ማንኛውም አገልግሎት ዘዴዎቹን አንድ በአንድ ልገምግማቸው።

መጀመሪያ ግን ምን ላይ እንደሚሠራ እንተዋወቅ፤ አለዚያ ግምገማዬ ተረት ይሆናል። የአፍንጫን ጫፍ የያዛት አጥንት አይደለም። ሁለት ስስ ካርቲሌጆች ናቸው፤ ካርቲሌጅ ማለት እንደ ጆሮ የሚተጣጠፈው ልም አጥንት ነው። በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ካለችው ምሰሶ ይነሱና ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ታጥፈው ሁለት ትንንሽ ጉልላቶች ይሠራሉ፤ ከዚያ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የአፍንጫ ክንፍ ይዘረጋል። ጃክ አንደርሰን የሚባል አሜሪካዊ ሰርጀን በ1969 ይህን አቋም በባለ ሦስት እግር መቆሚያ መሰለው፤ መሐል ላይ የተጣመሩት ሁለቱ እንደ አንድ እግር ይቆጠራሉ፣ ግራና ቀኙ ሁለቱ እግሮች ናቸው። የመሐሉ እግር ሲረዝም ጫፉ ወደ ፊት ይወጣል፣ ቀናም ይላል። የጎኖቹ ሲያጥሩ ወደ ላይ ይዞራል። የመሐሉ ሲያጥር ያጎነብሳል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጨምሮበታል፣ ተነቅፏልም፤ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ነጋ ጠባ የሚጠራው ይኸው ነው።

የኔ መመዘኛ አንድ ነው፦ ቆዳው ተመልሶ ሲከደን ከሥሩ ምን ቆሞ ቀረ? ጠረጴዛ ላይ አምሮ የማያውቅ አፍንጫ አላየሁም። ሁሉም እዚያ ያምራል። ፈተናው የሚመጣው በኋላ ነው፤ ጠባሳው ለወራትና ለዓመታት እየተኮማተረ ያገኘውን ሁሉ ሲጎትት። ጠንካራ ነገር ካገኘ ቆዳውን ያጣብቅለትና ቅርጹ ይጠራል። ባዶ ካገኘ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል።

በዚህ መመዘኛ መጨረሻ የሚወጣው መቁረጥ ነው። "ሴፋሊክ ትሪም" ይሉታል፤ የክንፉን ካርቲሌጅ የላይኛውን ጠርዝ ቆርጦ ማንሳት። ድንቡሽቡሽ ያለችን ጫፍ ለማሳነስ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዋናው መድኃኒት ይህ ነበር። ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ወዲያው ለውጥ ያሳያል። በልክ ሲደረግ እኔም አልጠላውም። ልኩ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ካርቲሌጅ ሳይነካ መቅረት አለበት፤ ጥንቁቆቹ ከዚያም በላይ ያስቀራሉ። ጉዱ ያለው ልኩ ሲታለፍ ነው።

አንዲት ታካሚ ትዝ ትለኛለች፤ ሌላ ቦታ ተሠርታ፣ ዓመታት ቆይታ ለማስተካከያ የመጣች። ከፊት ስትታይ ጫፏ ቀጭን ነው፣ ፎቶ ላይም ክፉ አይደለችም። ሰርጀኑ "እስቲ በኃይል አየር ሳቢ" ሲላት ሁለቱ ክንፎች ወደ ውስጥ ገቡና ቀዳዳዎቹ ተዘጉ። ሲከፈት ያየሁት ግልጽ ነበር፤ ክንፍ መሆን የነበረበት ካርቲሌጅ ቀጭን ሰንበር ብቻ ቀርቷል፣ ግራና ቀኙም እኩል አይደለም፤ የቀረው ሁሉ ጠባሳ ነው። ሰርጀኑ አንገቱን ሳያነሳ "ሲስተር፣ ጆሮ አዘጋጂ" አለኝ። ከጆሮ ካርቲሌጅ ሊወስድ ነው ማለት ነው። አንድ ሰው ከጥቂት ደቂቃ በማይበልጥ ቁረጣ ያነሳውን ለመመለስ እኩለ ቀን ሙሉ ሠራን። ታዲያ መቁረጥ እንደ ዋና ዘዴ ሲቀርብ ከአምስት ሁለት ኮከብ ብሰጠው ጨከንሽ አትበሉኝ። በስፌት ላይ እንደ ትንሽ ማሟያ ሲመጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ወደ ስፌት ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። የካርቲሌጁን ጉልላት በክር ማጥበብ፣ ሁለቱን ጉልላቶች እርስ በእርስ ማቀራረብ፣ ክንፎቹን ማስተካከል፤ ምንም ሳይጣል ያለውን ማጠፍ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ሚዛኑ ከመቁረጥ ወደዚህ አጋድሏል፤ አለምክንያትም አይደለም። ስፌት ካልተወደደ ይፈታል። የተቆረጠ አይቀጠልም።

ቅርብ ሆኖ ላየው ሥራው እንዲህ ነው። ሰርጀኑ በጉልላቱ ሥር በቀጭን መርፌ ማደንዘዣ ይወጋል። ለማደንዘዝ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ፈሳሹ የአፍንጫውን የውስጥ ሽፋን ከካርቲሌጁ ያላቅቀዋል፣ መርፌው ሽፋኑን ሳይበሳ እንዲያልፍ። ከዚያ አምስት ዜሮ ፒዲኤስ የሚባለውን ቀጭን የሚሟሟ ክር አቀብለዋለሁ፤ ሐምራዊ ናት፣ ከፀጉር ብዙም አትወፍርም። ከመሐል በኩል ገብታ በጎን ትወጣለች፣ ትመለሳለች። አሁን የሚመጣው ቋጠሮ ነው። በአንድ ጊዜ አያጠብቀውም። ትንሽ ይስባል፣ ያያል። ትንሽ ይጨምራል፣ ቆዳውን መልሶ ከድኖ ያያል፣ እንደገና ይገልጠዋል። ሲጨርስ ቀዳዳውን ከፍቶ ክሩ ወደ ውስጥ አለመውጣቱን ያረጋግጣል፤ ወጥቶ ከቀረ ኢንፌክሽን ይጠራል። ቸኩሎ የሚቋጥር ሰርጀን አንድ ጊዜ ያበዛዋል፤ ያን ጊዜ ጉልላቱ ይሾልና ክንፉ ይሰረጉዳል፣ ከፊት ሲያዩት በጫፉና በክንፉ መካከል ጥላ ይወርዳል። የብዙ "የተሠራ አፍንጫ" ምልክት ያ ጥላ ነው። ጎበዞቹ ቋጠሮውን በካርቲሌጁ የላይኛው ጠርዝ በኩል ያደርጉታል፣ የታችኛው ጠርዝ ቀና ብሎ እንዲቀር። ነገሩ የሚሊ ሜትር ነው፤ ፊት ላይ ግን ያስታውቃል።

በስፌት ወገን ሌላም የምወደው አለ። ከክንፉ ካርቲሌጅ ትንሽ ወደ መሐል ስቦ ጉልላቱን አዲስ ቦታ ላይ መሥራት፤ ክሪደል የሚባል ሰርጀንና ባልደረቦቹ በ1989 ያሳተሙት ነው። የጎኑ እግር ያጥራል፣ የመሐሉ ይረዝማል፤ ስለዚህ የወደቀች ጫፍ ቀና ትላለች፣ ወደ ፊትም ትወጣለች። ምንም አልተጣለም፣ ምንም አልተጨመረም። የባለ ሦስት እግሩን ሐሳብ በዓይን ማየት የሚፈልግ ተማሪ ሲመጣ ይህን ቀዶ ቆሞ ቢያይ ይሻለዋል እላለሁ፤ ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ።

ታካሚዎች ደጋግመው የሚጠይቁት አለ፦ ክሩ ሟምቶ ከጠፋ ቅርጹስ? ፒዲኤስ በ6 ወር ገደማ ሟሙቶ ያልቃል፤ ጥንካሬውማ ቀድሞ ይከዳዋል። እስከዚያ ግን ካርቲሌጁ በጠባሳ ተይዞ አዲሱ ቦታው ላይ ተደላድሏል። የማይሟሙ ክሮችን የሚመርጡም አሉ፤ እነዚያ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊሉ ይችላሉ። ክር ግን ተአምር አይሠራም። ካርቲሌጁ ከመነሻው ልፍስፍስ ከሆነ፣ ቆዳው ደግሞ ከባድ ከሆነ፣ የፈለገውን ያህል ቢሰፋ ጫፉን አይሸከምም። ለዚያ ድጋፍ ይጨመራል።

ድጋፍ ማለት ግራፍት ነው፤ ከራስ ገላ የተወሰደ ካርቲሌጅ። መጀመሪያ የሚወሰደው ሁለቱን ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ ነው። ከዚያም ቢሆን ሁሉም አይወሰድም፤ ከፊትና ከላይ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መያዣ ሳይነካ ይቀራል፣ አለዚያ አፍንጫው ይሰረጉዳል። እዚያ ካልተገኘ ጆሮ፣ ብዙ ካስፈለገ ጎድን። የጎድን ካርቲሌጅ ተንኮለኛ ነው፤ ከተቀረጸ በኋላ ይጣመማል። ስለዚህ ሰርጀኑ ከመሐሉ ይቀርጸዋል፣ እኔ ሳላይን (የጨው ውኃ) ውስጥ እነክረዋለሁ፣ ሌላ ሥራ እየሠራን እንጠብቀዋለን። የሚጣመም ከሆነ ሳህኑ ውስጥ ይጣመም።

በምሰሶዋ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ካርቲሌጅ አለች፤ ኮሉሜላ ስትራት ይሏታል። ለሰርጀን ቀላል ናት፣ ለታካሚም አትከብድም፣ ጫፏም እንደ ልብ ትንቀሳቀሳለች። ሥሯ ግን ምንም ላይ አልተቸነከረም፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ካየነው ከፍታ ጥቂቱ ከጊዜ ጋር ይመለሳል። ሦስት ኮከብ። ጠንካራው ሴፕታል ኤክስቴንሽን ነው፤ ባይርድና ባልደረቦቹ በ1997 ያወጡት። ግራፍቱ ከግድግዳው ጋር በስፌት ይያያዛል፣ ጉልላቶቹ ደግሞ በእሱ ላይ ይሰፋሉ። ያኖሩበት ቦታ ላይ ይቀራል። ቆዳው ወፍራም፣ ካርቲሌጁ ደካማ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም።

ዋጋው ምንድነው? ግትርነት። ጫፏን በጣት ሲነኳት አትተጣጠፍም። ሲስቁ፣ ሲናፈጡ፣ ሕፃን ልጅ በግንባሩ ሲገጫቸው ይታወቃቸዋል። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይለምደዋል፤ ያልተነገረው "አፍንጫዬ የሌላ ሰው ሆነ" እያለ ይመላለሳል። ሌላው፣ ግራፍቱ ከመሐል መስመር ትንሽ ካፈነገጠ ጫፏም አብራ ታፈነግጣለች። እጁ የተፈተነ ሰርጀን የሚያስፈልገው እዚህ ነው። በእሱ እጅ አራት ኮከብ፤ በጀማሪ እጅ ኮከቡን ልያዘው።

ጫፍ ላይ በቀጥታ የሚለጠፉት ግራፍቶች፣ ጋሻ የሚመስለውና ከላይ እንደ ክዳን የሚቀመጠው፣ የዚህ ሙያ ዝነኞች ናቸው። ጋሻውን በ1975 ያስተዋወቀው ጃክ ሺን ነው። ስለ እነሱ ከመናገሬ በፊት ስለ ቆዳ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም እዚህ ሁሉንም የሚወስነው ቆዳ ነው። ወንበር ላይ ጋቢ ብትጥሉበት ጠርዙ የት እንደሆነ አይለይም፤ ነጠላ ብትጥሉበት እያንዳንዱ ማዕዘን ይታያል። ወፍራም ቆዳ ላለው ሰው ጋሻው የጠፋውን ጠርዝ ይሰጠዋል፤ ውጤቱም ያስደስታል። ስስ ቆዳ ላለው ሰው ግን መጀመሪያ ምንም አይታይም፣ እብጠቱ ሲሄድና ቆዳው ሲሳሳ የግራፍቱ ጠርዝ ብቅ ይላል። ጥንቁቅ ሰርጀን ጠርዙን ያለሰልሰዋል፣ በስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ከሁሉም ጥንቁቁ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰው ጨርሶ አይለጥፈውም።

ወፍራም ቆዳ ያላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ተቃራኒውን ነው፤ "አሳንሱልኝ"። ከሥሩ ካርቲሌጅ ሲቀነስ ግን ቆዳው አብሮ አይቀንስም፤ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ጫፏም ጭራሽ ክብ ትሆናለች። እነሱን የሚያምርባቸው ከሥር ጠንከር ያለ ቅርጽ ቆሞ ቆዳውን ሲወጥረው ነው። ለመቀነስ የመጣ ሰው ሊጨመርለት እንደሚገባ መስማት ይከብደዋል፤ ክርክሩን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ ማሳሳትም ይቻላል፣ ግን ገደብ አለው፤ ቆዳውን የሚመግቡት ደም ሥሮች እዚያው ናቸው፣ አጫሽ ከሆነ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ፎቶ ላይ የማይታይ፣ ስለዚህም ማንም የማያሞግሰው ዘዴ አለ። በክንፉ ካርቲሌጅ ሥር ረዘም ያለች ቀጭን ግራፍት ማንጠፍ፤ ጉንተርና ፍሪድማን በ1997 ያሳተሙት ነው። ታናሽ እህቱ ደግሞ በቀዳዳው ጠርዝ የምትገባዋ ሪም ግራፍት ናት፤ የአንድ ስንጥር ያህል ናት፣ ከነመኖሯም አትታወቅም። ክንፉ ቀጥ ይላል፣ ጥላው አይወርድም፣ አየር ሲሳብ ቀዳዳው አይዘጋም። አምስት ኮከብ፣ ያለማንገራገር። ሰርጀን ስታማክሩ ስለ ጫፍ ብቻ አውርቶ ስለ ክንፍ ምንም ካላነሳ፣ እናንተው አንሱበት።

ስለ ክፍትና ዝግ አሠራር ብዙ ይጨቃጨቃሉ። ዝጉ የቆየ ነው፤ ሮ የሚባል ሰርጀን በ1887 በቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ሠርቷል። በምሰሶዋ ላይ ተሻግሮ የሚቆርጠውን ክፍቱን ደግሞ ሬቲ የሚባል ሰርጀን በ1934 አወጣው። ክፍቱ ሁሉን ያሳያል፣ ለግራፍት ይመቻል፣ እብጠቱ ግን ይረዝማል። ዝጉ ጠባሳ ውጭ ላይ አይተውም። በምሰሶዋ ላይ ያለችው ጠባሳ በደንብ ከተሰፋች እኔ ራሴ ፈልጌ ነው የማገኛት። ሰርጀኑ የለመደውን ይሥራ፤ እዚህ ላይ ከዚህ የበለጠ አልጨነቅም።

በፊለር (ከቆዳ ሥር በሚወጋ መሙያ) መርፌ "ያለ ኦፕሬሽን" ጫፍ ማቅናት የሚሉትን ከዘዴዎቹ ጋር አልቆጥረውም። የአፍንጫ ደም ሥሮች ከዓይን ደም ሥሮች ጋር የተያያዙ ናቸው። ፊለሩ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ይሞታል፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል። ከዚህ በፊት የተሠራ አፍንጫ ላይ ሲሆን አደጋው ይብሳል። ኮከብ የለም።

አሁን ሰርጀን መምረጥ ላይ፣ ምክንያቱም ዘዴው ያለ እጁ ባዶ ነው። በፊትና በኋላ ፎቶ ስታዩ መጀመሪያ የምታዩት አፍንጫውን አይሁን፤ ቀኑን እዩ። ጫፍ ከአፍንጫው ሁሉ መጨረሻ የምትሟሽሽ ናት፤ ማሸጊያው በሳምንት ገደማ ይነሳል፣ እብጠቱ ግን ዓመት ይቆያል፣ ወፍራም ቆዳ ላይ ከዚያም ያልፋል። የአንድ ወር ፎቶ የእብጠት ፎቶ ነው። መብራቱ አንድ ዓይነት ነው? አገጩስ በ"በፊት" ዝቅ፣ በ"በኋላ" ከፍ ብሏል? ከሥር የተነሳ ፎቶ አለ? አንድ ሰርጀን ከሥር የተነሳውን ካላሳየ ቀዳዳዎቹ እኩል አይደሉም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ክፋቴ ነው እንግዲህ።

በከንፈርና በአፍንጫ መካከል ያለው ማዕዘን ለሴት ከ95 እስከ 110 ዲግሪ፣ ለወንድ ከ90 እስከ 95 ይሁን የሚሉ ቁጥሮች ትሰማላችሁ። ለመነጋገሪያ ይጠቅማሉ። ግን በአብዛኛው ከአውሮፓዊ ፊት የተወሰዱ ናቸው፤ የማንንም ፊት በግድ እዚያ ውስጥ መክተት አያስፈልግም። ከእነዚህ ይልቅ ኖዝ የምትባለውን መጠይቅ አከብራታለሁ። በ2004 የወጣች፣ 5 ጥያቄ ብቻ ያላት፣ ስለ መተንፈስ የምትጠይቅ ናት፤ ከ0 እስከ 100 ትቆጠራለች፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መተንፈሱ ከብዷል ማለት ነው። ከቀዶው በፊትም በኋላም ታካሚውን ይህን የሚያስሞላ ሰርጀን ሥራውን ራሱ ላይ ይፈትናል። ማስተካከያ ቀዶ ለምን ያህሉ እንዳስፈለገም ጠይቁት። በሙያው የተለመደው ቁጥር ከ5 እስከ 15 በመቶ ነው፤ "የኔ ዜሮ ነው" ካለ ወይ አዲስ ነው ወይ አይቆጥርም። አንዳንዱን ሰው "አንተን አልሠራህም" ብሎ የሚመልስ ከሆነ ደግሞ እሰየው። በመስታወት ፊት ቀኑን የሚያሳልፍ፣ ማንም የማያየውን ጉድለት የሚያይ ሰው በቢላ አይድንም።

ለራሴ ቢሆንስ? ካርቲሌጄ መካከለኛ ነው፣ ቆዳዬ ወደ ወፍራም ያደላል። ስፌት እመርጣለሁ፣ በምሰሶዋ ትንሽ ስትራት፣ በሁለቱም ክንፎች ሪም ግራፍት፤ ከላይኛው ጠርዝ ቢቆረጥ ቢቆረጥ ጥቂት። ከጫፉ በላይ እብጠቱ አልወርድ ካለ ሰርጀኑ በወራት መካከል እብጠት የሚያሳንስ ትንሽ ስቴሮይድ ሊወጋልኝ እንደሚችል አውቄ እገባለሁ። ጫፌ ለጥቂት ወራት ደንዝዞ እንደሚቆይም እንዲሁ።

ስወጣ ደግሞ የኦፕሬሽኑን ማስታወሻ ኮፒ እጠይቃለሁ። የትኛው ስፌት፣ የትኛው ግራፍት፣ ካርቲሌጁ ከየት እንደተወሰደና ምን ያህል እንደቀረ የተጻፈበትን። ለማስተካከያ የሚመጡት ሰዎች ይህን ወረቀት ይዘው የሚመጡት ከስንት አንድ ነው፤ እኛም ግድግዳው ውስጥ ካርቲሌጅ መኖር አለመኖሩን የምናውቀው ከከፈትነው በኋላ ይሆናል። ወረቀቷ ካለች ግን ትሪዬን ከመጀመሪያው ለጆሮ ወይም ለጎድን አሰናድቼ እጠብቃለሁ።